ሳልጠይቅ ጠይቄያለሁ ያልሁበት ቀን

ይህን ነገር እስካለፈው ጾም ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኋቸውም ነበር። በየዓመቱ ፊታቸው ተንበርክኬ ያማሁትን፣ የተቆጣሁትን፣ ጾም የገደፍሁትን ስናገር አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ይሰሙኛል። መጨረሻ ላይ «ሌላስ ልጄ? የቀረሽ ነገር የለም?» ይሉኛል። «የለም አባ» እላቸዋለሁ። እንዲህ እያልሁ ስንት ዓመት መስቀል ተሳልሜ ተነሣሁ? ኃጢአቴን ላራግፍ ገብቼ አንድ አዲስ ውሸት ጨምሬ እወጣ ነበር። አሁን ለእናንተ ልናገር ነው። ብታውቁኝም ባታውቁኝም እስከ መጨረሻው ስሙኝ፤ ፍርዱን ግን አታቅልሉልኝ።

ስሜ ዝናሽ ነው። ላሊበላ ላይ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለው ቁልቁለት፣ ከታላቅ ወንድሜ ከመልካሙ ጋር የማስታወቂያ ሰሌዳ እንሠራለን። የሆቴሉን፣ የምግብ ቤቱን፣ የመድኃኒት ቤቱን ስም ፊደል በፊደል ቆርጠን፣ ቀለም ቀብተን፣ ደጃፉ ላይ የምንሰቅል እኛ ነን። እናታችን ገና ልጅ ሳለሁ ሞተች፤ አባታችንም ከእሷ በኋላ ብዙ አልቆየ። መልካሙ ያኔ ራሱ ጎረምሳ ነበር። አሳደገኝ ብል ያንስብኛል። ጓደኞቼ ተሠርተው ሲመጡ እኔ ተንጨባርሬ እንዳልታይ ብሎ ከጎረቤት ሴት ሹሩባ ተምሮ ፀጉሬን ይሠራኝ ነበር። መንደሩ ሳቀበት። እሱ ግን እጁ እስኪለምድ ድረስ ማታ ማታ ጭንቅላቴን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ይጎነጉናል። ይህን የምነግራችሁ ማንን እንደበደልሁ እንድታውቁ ነው።

ሥራውንም ያስተማረኝ እሱ ነው። በኤሌክትሪክ መጋዝ ከጣውላና ከፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ፊደል መቁረጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የ«ዐ»ን ሆድ ሳይሰነጠቅ አውጥቶ፣ የ«ሠ»ን እግሮች እኩል አድርጎ መቁረጥ እጅ ይጠይቃል። እኔ እጅ ነበረኝ። መልካሙ ራሱ «በዚህስ አንቺ ትበልጭኛለሽ» ይለኝ ነበር፤ ይህን ሲለኝ ከደስታዬ ብዛት ቀኑን ሙሉ ምግብ አያምረኝም።

ከዚያ የሺ መጣች። ከወልድያ ነው የመጣች፤ ንድፍ መሳል ተምራ፣ ኮምፒዩተር ላይ ፊደሉን የምትቀርጽልን እንድትሆን መልካሙ ቀጠራት። ረዘም ያለች፣ ስትስቅ አፏን በመዳፏ የምትከልል፣ ለደንበኛ ዋጋ ስትነግር እንኳ ይቅርታ የምትጠይቅ የምትመስል ልጅ ነበረች። መልካሙ ወደዳት። እኔም ወደድኋት። ይህን ማለት አለብኝ፤ ጠልቻት ቢሆን ነገሬ ቀላል በሆነ ነበር። እኅት አልነበረኝም፤ እኅት ሆነችኝ። ከአንድ ሳህን እንበላለን፤ እሑድ እሑድ ፀጉሬን አጥባ ፀሐይ ላይ ታበጥርልኛለች። መልካሙ ለወላጆቿ ሽማግሌ ሲልክ ደስታዬ ከእሱ ደስታ አያንስም ነበር። ሽማግሌዎቹ መልካም መልስ ይዘው ተመለሱ፤ ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተባለ።

በዚያን ሰሞን አገሩ ሁሉ ይሠራ ነበር። እንግዳው ብዙ ነው፤ በየኮረብታው ሆቴል ይከፈታል፤ ሁሉም ደጃፉ ላይ ያማረ ስም ይፈልጋል። እኛ በእጅ ቆርጠን አንድ ሰሌዳ እስክንጨርስ ባለቤቱ ይሰለችና ደሴ ሄዶ ያሠራል። የደሴዎቹ ማሽን ነበራቸው። ሲኤንሲ ራውተር ይሉታል፦ ኮምፒዩተር ላይ የተሳለውን ፊደል ተቀብሎ፣ በሞተር የሚሽከረከር ቀጭን መቁረጫ ጣውላው ላይ ወዲያና ወዲህ እየነዳ፣ እንደ ሥዕሉ አድርጎ የሚያወጣ ማሽን ነው። የእኔ እጅ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ፊደል ሻይ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ ቆርጦ ያስቀምጠዋል።

መልካሙ ማሽን ለመግዛት ቆረጠ። አዲስ አበባ ወርዶ ሻጮቹን አነጋግሮ፣ የሁለት ማሽኖች ፎቶ በስልኩ ይዞ መጣና ሦስታችንም ከበን አየን።

አንዱ ትንሽ ነው። እንደ ጠረጴዛ ያለ፣ ሰሌዳውን ከፋፍላችሁ የምታስገቡለት። የቤቱ ተራ መብራት ይበቃዋል። ሌላው ትልቅ ነው። ሙሉ ጣውላ እንዳለ ይተኛበታል፤ ጣውላውም እንዳይነቃነቅ ከሥር አየር እየሳበ የሚይዝ ፓምፕ አለው። ግን ባለ ሦስት ፌዝ መብራት ይፈልጋል፤ ወፍጮ ቤት የሚገባው ዓይነት ኃይለኛ መስመር። በእኛ ቤት ያለው ባለ አንድ ፌዝ ብቻ ነው።

የሺ ትንሹን አለች። «አብዛኛው ሥራችን ፊደል ነው፤ ፊደል ደግሞ እዚህ ላይ ይገባል። ትልቅ ሰሌዳ ሲመጣ ገጣጥመን እንሠራዋለን። መብራትም ሲጠፋ በትንሽ ጄኔሬተር ይሠራል» አለች።

እኔ ትልቁን አልሁ። «የገጠሙት ሰሌዳ ክረምት ሲመታው መገጣጠሚያው ይከፈታል። ደሴዎቹ በሙሉ ጣውላ እየቆረጡ እኛ በቁራጭ ልንወዳደራቸው ነው?» አልሁ። ያልሁት ሐሰት አልነበረም። ብዙ ባለሙያም እንደኔ ይል ነበር። ምክንያቴ ግን ሌላ ነበር፤ ያን ምክንያቴን ለዓመታት የደበቅሁት ከሰው ብቻ ሳይሆን ከራሴም ነው።

ፎቶውን ሳይ ያየሁት ማሽን አልነበረም፤ የራሴን መጥፋት ነበር። ትንሹን ማሽን አንድ ሰው ብቻውን ያሠራዋል። የሺ ትስለዋለች፣ የሺ ታስቆርጠዋለች። የእኔ እጅ ምን ይሠራል? ትልቁ ግን ጣውላ የሚያነሣ፣ የሚያስተካክል፣ የሚያገላብጥ ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል። እዚያ ላይ ቦታ ይኖረኛል ብዬ አሰብሁ። ሲጋቡስ? ቤቱም የእሷ፣ ሥራውም የእሷ፣ ወንድሜም የእሷ ሊሆን አይደል? እንዲህ አሰብሁ። ፀጉሬን ያጠበችልኝን ልጅ እንዲህ አሰብሁባት።

መልካሙ ሁለታችንንም ሰምቶ ሳቀ። «ትልቁ ልቤን ወስዶታል፤ ግን ያለ መብራቱ ዋጋ የለውም። የሺ፣ መብራት ቢሮ ሄደሽ ጠይቂ። ሦስት ፌዝ የሚያስገቡልን ከሆነ ትልቁን፣ ካልሆነ ትንሹን» አለ። ነገሩ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ።

በማግስቱ የየሺ እናት ታመሙ ተብሎ ተደወለ። የሺ ነጠላዋን እያጣፋች ወደ መኪና ስትሮጥ ሱቁ በር ላይ ያዘችኝ። «ዝኔ፣ የመብራቱን ነገር አንቺ ጠይቂልኝ። መጥቼ ለመልካሙ እኔ እነግረዋለሁ» አለችኝ።

«እሺ» አልኋት።

ሄድሁ። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ አልሄድሁም ብዬ ልዋሽ አልችልም። እስከ ቢሮው በር ሄድሁ። በሩ ክፍት ነበር። ውስጥ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ሲጽፍ ይታየኛል። ገብቼ አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ያበቃ ነበር። ግን መልሱን አውቀው ነበር ማለት ይቻላል። ከኛ በላይ ያለው ባለ ወፍጮ ሁለተኛ ወፍጮ ሊተክል መስመር ጠይቆ፣ በዚያ ሰፈር ያለው ትራንስፎርመር ስለሞላ ጠብቅ እንደተባለ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ካልገባሁ «አይሆንም» የሚለኝ ሰው የለም። አይሆንም ካልተባለ ደግሞ ይሆናል ማለት ይቻላል። ጥጉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጥሁ፤ ወደ አሸተን ማርያም አቀበት የሚወጡ ሰዎችን እያየሁ ቆየሁና ተነሥቼ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

የሺ እናቷ ተሽሏቸው ተመለሰች። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ጠየቅሽልኝ?» አለችኝ።

«ጠይቄያለሁ።»

«ምን አሉ?»

«ይገባል አሉ።»

ይኸው ነው። ይገባል አሉ። ከአፌ ስትወጣ ክብደት አልነበራትም። የሺ ቦርሳዋን አስቀመጠችና «እንዲያ ከሆነ ትልቁ ይሁን፤ አንቺም ደስ ይበልሽ» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ቅር አላላትም። ክርክሯ የልቧ እንጂ የእልህ አልነበረም።

ማታ እራት ላይ መልካሙ «የመብራቱስ ነገር?» ሲል የሺ «ተጠይቋል። ይገባል ብለዋል» አለችው። ተጠይቋል አለች እንጂ ጠየቅሁ አላለችም። እሱ ግን እሷ የጠየቀች አድርጎ ሰማው። እኔም እሱ እንደዚያ እንደሰማው አወቅሁ። እንጀራዬን ቆርሼ ጎረስሁ።

መልካሙ ብልባላ ያለውን የአባታችንን ቤትና አባታችን የተከለውን ባሕር ዛፍ ሸጠ። ዛፉ የተቆረጠ ዕለት ሄጄ አላየሁም። እሱ አይቶ መጣ፤ «ተራራው ራቁቱን ቀረ» ብሎ ትንሽ ተክዞ ወዲያው ስለ ማሽኑ ማውራት ጀመረ። ደስተኛ ነበር። ወንድሜን እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ማሽኑ በጋሸና በኩል በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አወረደው። ከማሽኑ ጋር የሚተክለው ባለሙያ አብሮ መጥቶ ነበር፤ ትሑት ልጅ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ቆጣሪ አየ፤ ወጥቶ ምሰሶውን አየ፤ ተመልሶ «ሦስት ፌዙ የታለ?» አለ።

«ይገባል ተብሏል» አለ መልካሙ። «የሺ፣ መቼ ነው ያሉሽ?»

የሺ እኔን አየችኝ። እኔ ማሽኑ የታሰረበትን ገመድ እየፈታሁ ነበር። ቋጠሮው ተፈትቶ አልቋል፤ እኔ ግን ጣቶቼን ከዚያ አላነሣሁም። አላየኋትም። አይቻት ቢሆን ኖሮ ምን እሆን ነበር? መሬት አይውጠኝ ነገር።

መልካሙ ራሱ ወደ መብራት ቢሮው ሄደ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ሰው ፊት እንዳይጮኽ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

«ከእናንተ ቤት መጥቶ የጠየቀ ሰው የለም አሉኝ። ትራንስፎርመሩ ሞልቷል፤ መች እንደሚቀየር አይታወቅም አሉኝ። የሺ፣ ሄደሻል ወይስ አልሄድሽም?»

«አልሄድሁም» አለችው።

«አልሄድሽም?»

«አልሄድሁም።»

እንግዲህ ተመልከቱ። አንዲት ውሸት እንኳ አልተናገረችም። ያለችው ሁሉ እውነት ነው፤ በእሷ እውነት ውስጥ ግን እኔ ተደብቄ ቆምሁ። «እኅትህን ልኬ ነበር» ብትል ያበቃ ነበር። እኔ «እኔ ነኝ» ብል ያበቃ ነበር። ሁለታችንም ዝም አልን፤ የእሷ ዝምታና የእኔ ዝምታ ግን አንድ አልነበረም።

መልካሙ «አልሄድሁም ብትይኝ ምን አደርግሽ ነበር? ማሽኑ ይቅር። የአባቴ ዛፍም ይቅር። ዓይኔን እያየሽ ተጠይቋል አልሽኝ እኮ» አላት። ያቃጠለው የማሽኑ ነገር አልነበረም። የሚያገባትን ልጅ ማመን መቻልና አለመቻሉ ነበር። እሷም ይህን አወቀች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ለምን አልተናገርሁም? የመጀመሪያው ቀን ፈራሁ። በሁለተኛው ቀን አፈርሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ፍርሃትም ሐፍረትም ብዬ ልሸፍነው አልፈልግም። የሺ ሥራ ላይ ዝምተኛ ሆነች፤ መልካሙም ከእሷ ጋር መብላት ተወ፤ እንደ ድሮው ከእኔ ጋር ብቻ ይበላ ጀመር። ደስ አለኝ። ልናገረው፤ ደስ አለኝ። ሌሊት አለቅሳለሁ፤ ቀን ደስ ይለኛል። እንደዚህ ያለ ሰው ነበርሁ።

አንድ ጠዋት የሺ ልብሷን አዘጋጅታ ወጣች። መልካሙ ጓሮ ነበር፤ አልወጣም። እኔ እስከ መኪናው ሸኘኋት። አቅፋ ሳመችኝና ትንሽ ቆም ብላ ፊቴን አየችው፤ አንድ ነገር እንድል የምትጠብቅ ትመስል ነበር። «በይ ደኅና ሁኚ» አልኋት። መኪናው ተነሣ። ሽማግሌዎቹም መጥተው የሆነውን ጠይቀው፣ ሁለቱም ወገን ዝም ሲላቸው ጊዜ ነገሩን ተዉት። ሠርጉ በዚያው ቀረ።

ትልቁ ማሽን ክረምቱን ሙሉ ሸራ ለብሶ ግድግዳ ሥር ቆመ። አንድ ጊዜ ጄኔሬተር ተከራይተን ሞከርነው፤ የነዳጁ ወጪ ከሥራው በለጠ። በኋላ አንድ የደሴ የቤት ዕቃ ሠሪ ገዝቶ ወሰደው፤ መልካሙም ከወጪው የተረፈችውን ጨምሮ ትንሹን ማሽን ገዛ። ያንኑ የሺ ያለችውን። እኔ ኮምፒዩተሩን ቀስ በቀስ ተማርሁ። ክፉው ጊዜ መጥቶ እንግዳው ሲጠፋ፣ ሱቁን ዘግተን ዘመድ ዘንድ ስንከርም፣ ተመልሰን ስንከፍት፣ ሁልጊዜ ሁለታችን ብቻ ነበርን። መልካሙ አላገባም። ሰዎች ሲጠይቁት «የሚታመን ሰው የት ይገኛል?» ብሎ ይስቃል። እሱ በሳቀ ቁጥር እኔ ማሽኑ ላይ እንዳቀረቀርሁ እቀራለሁ።

የሺ ጋሸና መገንጠያው አጠገብ ፎቶ ኮፒና የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት እንደከፈተች፣ ሾፌር አግብታ ልጅ እንደወለደች ሰማሁ። ወደ ወልድያ በሄድሁ ቁጥር መኪናችን በዚያ ያልፋል። በዚያ በኩል ስናልፍ ሁልጊዜ ፊቴን ወደ ሌላኛው መስኮት አዞራለሁ። ጋሸናን ስንት ጊዜ አልፌ አንድ ጊዜ እንኳ ሙሉውን አይቼው አላውቅም።

ባለፈው ጾም ግን የተሳፈርንበት መኪና ጎማው ፈንድቶ ከዚያው ቆመ። ሰው ሁሉ ወረደ፤ እኔ ወንበሬ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። መስኮቱ ተንኳኳ። የሺ ነበረች። ትንሽ ወፍራለች፤ አፏን በመዳፏ ከልላ ትስቃለች።

«ዝኔ! ኧረ ምነው፣ ሰው ከደጄ ደርሶ መኪና ውስጥ ይቀመጣል?»

እጄን ይዛ አስወረደችኝ። ከሱቋ ኋላ ባለች ትንሽ ክፍል አስቀምጣ ሻይና ዳቦ ሰጠችኝ። ስለ መልካሙ ጠየቀችኝ፤ ስለ ሥራችን ጠየቀችኝ። ትንሽ ልጇ መጥታ ጉልበቴ ላይ ተቀመጠች። ልናገር አፌን ከፈትሁ። «የሺዬ፣ ያን ጊዜ…» አልሁና የልጅቷን ፀጉር መዳበስ ጀመርሁ።

እሷ ልጅቷን ወደ ውጭ ላከቻትና «የመብራቱን ነገር ነው?» አለችኝ።

ማልቀስ ብቻ ሆነ።

«ያን ዕለት ገመዱን ስትፈቺ ነው ያወቅሁት» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅሁ። ያን ዕለት ጠበቅሁ። በማግስቱ ጠበቅሁ። መኪናው ሊነሣ ሲል እንኳ ጠብቄ ነበር። ከዚያ መጠበቁ ሰለቸኝ።»

«አንቺ ብትነግሪው ያምንሽ ነበር።»

«ያምነኝ ይሆናል። ግን ከሁለታችን አንዳችንን ምረጥ ማለት ነበር። አንቺን እንዴት አድርጎ እንዳሳደገሽ አውቃለሁ። በአንቺ ላይ መስክሬ ያንን ቤት እመቤት ሆኜ ልገባበት አልፈለግሁም።»

ቀጥላ ደግሞ፦ «እኔ እኮ ትንሹን ያልሁት በወገብሽ ምክንያት ነው» አለችኝ። «ጣውላ ባነሣሽ ቁጥር ግድግዳ ይዘሽ ስትቆሚ አይሻለሁ። ለመልካሙ እንደምትደብቂው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዝም አልሁ። ትንሹ ቢመጣ ተቀምጠሽ እንድትሠሪ ኮምፒዩተሩን ላስተምርሽ ነበር ያሰብሁት።»

ከዚህ በላይ ሰው ምን ይሰማል? ቦታዬን ትቀማኛለች ብዬ ያሳደድኋት ልጅ ቦታ ስታዘጋጅልኝ ነበር።

እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዛ አቆመችኝ። «እኔ ከቆየ ይቅር ብዬሻለሁ። ባሌም ደግ ሰው ነው፤ ልጄንም አይተሻታል። በመልካሙ ስም ግን እኔ ይቅር ልልሽ አልችልም» አለችኝ። ጎማው ተቀይሮ ሾፌሩ ጡሩንባ እስኪነፋ ድረስ እጄን ይዛኝ ተቀመጠች።

ወልድያ አልሄድሁም። ወደ ላሊበላ በሚመለስ መኪና ተሳፍሬ መጣሁ። መልካሙ የአንድ መድኃኒት ቤት ስም እያስቆረጠ ነበር። «ምነው ተመለስሽ?» አለኝ። ማሽኑ እየጮኸ ስለነበር ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ፤ ያን ሁሉ ዓመት በሹክሹክታ እንኳ ያልደፈርሁትን እየጮኽሁ ተናገርሁት። «ወንድማለም፣ የመብራቱን ነገር ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ። የሺ እኔን ልካ ነበር። ሳልጠይቅ ጠይቄያለሁ ያልኋት እኔ ነኝ።»

ማሽኑን አጠፋው። ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርሁት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«እኔ እሷን ስጠይቃት አንቺ የት ነበርሽ?»

«እዚያው ነበርሁ።»

«እየሰማሽ?»

«እየሰማሁ።»

መዳፉን ማሽኑ ላይ እንዳሳረፈ ቆየ፤ ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ቢጮኽብኝ፣ ቢመታኝ በወደድሁ። አልተቆጣኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያናግረኝ ስለ ሥራ ብቻ ሆነ፤ ምሳዬን አብሮኝ ይበላል፤ ግን ሰሃኑን እንጂ እኔን አያይም።

ጾሙ ተፈትቶ በዓሉ ካለፈ በኋላ በአንድ እሑድ ጋቢውን ለብሶ በማለዳ ወጣ። የት እንደሚሄድ አልነገረኝም፤ አልጠየቅሁትም። ማታ ሲመለስ ጫማው በአቧራ ተሸፍኗል። በረንዳው ላይ ተቀመጠ፤ እኔም እግሩን የሚታጠብበት ውኃ አቀረብሁለት።

«ጋሸና ነበርሁ» አለኝ። «ባሏም ነበር። ምሳ አብልተውኝ መጣሁ። ሳላምንሽ ቀርቼ አዋርጄሽ ነበር፣ ይቅር በይኝ አልኋት። ይቅር አለችኝ።»

«እግዜር ይስጣት» አልሁ።

«ልጇን አየኋት። ስትስቅ እሷን ትመስላለች።» ይህን ብሎ ፊቱን አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ወንድሜ ሲያለቅስ በአባታችን ቀብር እንኳ አላየሁትም ነበር። ላቅፈው እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብሁት። ያ ልቅሶ የእኔ ሥራ ነው፤ ሠርቼው ሳበቃ ደግሞ አጽናኝ ልሁንበት?

ሲረጋጋ «ዝናሽ» አለኝ። ዝኔ ሲለኝ ነው የኖረው። «አንቺን ግን ገና ነኝ። ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል። ውሸት ደግሞ በዚህ ቤት በቅቶናል።»

«እሺ ወንድማለም» አልሁት።

«ከቤት ውጪ አላልሁም። አብረን እንሠራለን። ግን ገና ነኝ።»

ይኸው እስከ ዛሬ ገና ነው። ጠዋት ሱቁን አብረን እንከፍታለን፤ ሰሌዳውን እሱ በአንድ ጫፍ እኔ በአንድ ጫፍ ይዘን እንሰቅላለን። አንዳንድ ቀን በድንገት ይስቅልኛል፤ ወዲያው ያስታውሰውና ዝም ይላል። አላቸኩለውም። እሷ የጠበቀችኝን ያህል እንኳ ልጠብቀው የሚገባኝ እኔ ነኝ።

ለነፍስ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ። እናንተ ግን ልጅ ነበረች፣ ፈርታ ነው፣ ጊዜው አልፏል አትበሉልኝ። ልጅ አልነበርሁም። የፈራሁትም አንድ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እያወቅሁ የኖርሁት ነው። የሁለት ሰው ትዳር ሳይጀመር አፍርሻለሁ፤ ያልተወለዱት የወንድሜ ልጆች ዕዳ በእኔ ላይ ነው። ይፍታሽ ለማለትም አትቸኩሉ። መጀመሪያ እሱ ይበል።